ቃል ለቀማ ወደ ጌጃ ሰፈር፦ ከአሰላ ወጥቼ የተመለስኩባቸው ስምንት ቀናት

የእረፍት ደወል ሊደወል ጥቂት ሲቀረው የአማርኛ መምህራችን ቲቸር ግርማ ከክፍል ጠርተው አስወጡኝ። ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር። "ከዚህ ወዲያ የግድግዳ ጋዜጣው ቀኝ ጥግ ያንቺ ነው፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ትጽፊበታለሽ" አሉኝ። እኔ! ጥጉ ትንሽ ነው፤ ሁለት የደብተር ገጽ ቢለጠፍበት ይሞላል፤ ከሥሩም የጠፋ ስካርፕና የጠፋ እርሳስ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ቢሆንም ስሜ ከላዩ ይጻፍበታል። ወደ ቤት ስበር ጋሪ ሳይገጨኝ ለጥቂት ተረፍኩ። ባለጋሪው "አንቺ ልጅ፣ ይሄን የሚያህል ፈረስ አታዪም?" ብሎ ሲጮህብኝ "ዓምድ ተሰጠኝ!" አልኩት። "እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከመንገዱ ግን ውረጂ" አለኝ።

በምን ልጀምር የሚለውን ራሴ ነኝ ያሰብኩት። አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ተማሪ ሁሉ እንዴት እንደሚኮራብን ታውቃላችሁ። ወር ሙሉ የማይገባንን ቃል እየወረወረ ይከርማል፤ ትርጉሙን ስንጠይቀው "ተይው፣ አይገባሽም" ይላል። እኔ ቃሎቹን ከነትርጉማቸው ለቅሜ አምጥቼ ለሁላችሁም ላካፍላችሁ አሰብኩ። ቲቸር ሐሳቡን ወደዱት። "ግን ዝም ብለሽ አትደርድሪ" አሉኝ። "ማን እንዳለው፣ የት እንዳለው፣ መቼ እንዳለው ከጎኑ መዝግቢ። አለበለዚያ ማን ያምንሻል? ሃያ ቃል ይበቃል።" ከራሳቸው መሳቢያ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አውጥተው ሰጡኝ።

እናቴ አዲስ አበባ፣ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር የምትኖር የአክስት ልጅ አለቻት፤ እትዬ አልማዝ እንላቸዋለን። ልጃቸው ሮማን እኩያዬ ናት። ሕፃናት ሳለን አንድ ክረምት እኛ ቤት ከርማ፣ ስትመለስ ሁለታችንም አልቅሰን ዓይናችን አብጦ ነበር። ለሴሚስተሩ እረፍት ወደ እነሱ ስሄድ የማስበው ያቺን ሮማን ነው።

ሐሙስ

አውቶቡሱ ከአሰላ የተነሣው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጭላሎ ጉሙን ሳይገፍ ነው። እናቴ ገብሱን ራሷ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በቅቤ ያሸችውን ጭኮ በጣሳ ሞልታ አስይዛኛለች። አሰላ ላይ ጭኮው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። ናዝሬት ስንደርስ ሙቀቱ ቅቤውን አቀለጠውና በክዳኑ ሥር እየሾለከ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቀሚስ ላይ ወረደ።

"ልጄ፣ ይሄ ቅቤ ያንቺ ነው?"

"አዎ እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ!"

"ናዝሬት ተቀምጬ በአሰላ ቅቤ መቀባቴ ነው፤ ምኑ ይቅርታ ያስፈልገዋል?" ብለው በጣታቸው እየጠረጉ ተረከዛቸውን ቀቡት። ከዚያ ፌስታል አውጥተው ጣሳውን አሰሩልኝ። ሞጆ ላይ ሲወርዱ አውቶቡሱ ባዶ የሆነ መሰለኝ።

ኬላው ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ወታደሩ ቀበሌያችን የጻፈልኝን የይለፍ ወረቀት አይቶ መለሰልኝ፤ ደብተሬን ግን ገጽ በገጽ ገለጠው።

"ምንም የለበትም።"

"ገና ነው" አልኩት።

"ምን ልትጽፊበት ነው?"

"ቃላት።"

"አሰላ ቃል ጠፋ?" ሲል የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

አውቶቡስ ተራ ሮማን ትጠብቀኝ ነበር። ሰልባጅ ጃኬት ለብሳለች፤ ከውጭ አገር ተለብሶ የመጣ ልብስ ሰልባጅ ይባላል፤ እኛ ጋ የሞተ ሰው ልብስ ነው ብለን የምንሸሸው ማለት ነው። እዚያ ግን ያማረበት ሰው ነው የሚለብሰው። አንገቷ ላይ ልጠመጠም ስል በጉንጯ ፈጠን ብላ ሳመችኝና "ነይ፣ ውይይት ያመልጠናል" አለችኝ። ስብሰባ ልትወስደኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ውይይት ታክሲ ነው። ከኋላው የተከፈተ መኪና ሆኖ ግራና ቀኝ አግዳሚ አለው፤ ሰዉ ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይቀመጣል። በውይይት ክበብ ስብሰባ ላይ እንደሚያስቀምጡን ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ገና ከአውቶቡስ ከመውረዴ አንደኛው ቃል እግሬ ሥር ወደቀልኝ። ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ "ውይይት፦ ሮማን፣ ሐሙስ፣ አውቶቡስ ተራ" ብዬ ጻፍኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች እጄን ሲያዩ ነበር።

"እዚህ ነው የምትጽፊው?" አለች ሮማን በጆሮዬ። "ፋራ አትሁኚ።"

"ፋራ ምንድን ነው?"

"አንቺ ነሻ!"

እሱንም ጻፍኩት። የከተማ ነገር የማያውቅ፣ የማይገባው ሰው ፋራ ነው፤ ተቃራኒው አራዳ ነው። አራዳ መጀመሪያ የድሮው ገበያ ሰፈር ስም ነበር አሉ፤ አሁን ግን የነቃ፣ የማይሞኝ ሰው ሁሉ አራዳ ነው። ሮማን አራዳ ናት። ምሳሌ ለፋራ የሚለው ቦታ ላይ "እኔ" ብዬ ሞላሁ።

የእትዬ አልማዝ ቤት ሁለት ክፍል ነው። አምስት ቤቶች አንድ ግቢ ይጋራሉ፤ በሩም አንድ ነው። እኛ ጋ በር ሲከፈት ሜዳው ታይቶ፣ ሜዳው ሲያልቅ ተራራው ይታያል። እዚያ በር ሲከፈት የሌላ ሰው በር ነው የሚታየው። እትዬ አልማዝ ጭኮውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አሸተቱት፤ "እናትሽን አመጣሽልኝ" አሉ። ለአራቱም ጎረቤት በስኒ በስኒ ላኩላቸው። እኔና ሮማን አንድ አልጋ ላይ፣ እሷ ራስጌ እኔ ግርጌ ተኛን። ስለዚያ ክረምት ላወራት ስጀምር "ደክሞኛል" ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ዓርብ

ለስኳር ቀበሌ ሱቅ ተሰለፍኩ። ሮማን ካርዷን ልትቀበል ትምህርት ቤት ስለሄደች እትዬ አልማዝ ኩፖኑን ሰጥተው እኔን ላኩኝ። ሰልፉ ከሱቁ በር ጀምሮ እስከ ጋሽ ሸምሱ በር ይደርሳል። ጋሽ ሸምሱ ቆርቆሮ ሠሪ ናቸው፤ ከባዶ የዘይት ጣሳ ኩራዝና ኩባያ ይሠራሉ፤ በመዶሻቸው ምት መሃል ሰልፉን ያስቁታል። "እኔን ሼባውን አስቀድሙኝ፣ ጢሜን እያያችሁ!" ይላሉ። ሼባ ሽማግሌ ማለት ነው።

ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ሰልፍ ያለ ወሬ ሰምቼ አላውቅም! አሰላ ሰልፍ ላይ ሰው ስለ ዝናብ ነው የሚያወራው። እዚያ ግን አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች፣ ሦስተኛዋ ትገለብጠዋለች። አንዲት ወፍራም፣ ሳቃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሴት ነበሩ። ዘሪቱ እንበላቸው። ስለ አንድ ሰው ሲያወሩ "ያ ገገማ" አሉ። ገገማ ማለት ቢለምኑት የማይሰማ፣ ቢገፉት የማይነቃነቅ ሰው ነው። ስለ ማን እንዳሉት አልነግራችሁም። ያን ቀን ግን ቁጭ አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ "ገገማ፦ እትዬ ዘሪቱ፣ ዓርብ፣ ቀበሌ ሱቅ፣ ስለ እገሌ ሲናገሩ።" ጋሽ ሸምሱንም ከነሼባቸው ጻፍኩ። ሌላዋ ሴት "ላሽ ልበል" ብላ ከሰልፉ ስትወጣ እሷንም ጻፍኩ።

ሰባት ቃል አገኘሁ። ደስታዬ ሌላ ነበር። ሰልፉ ወደ በሩ ሲጠጋ ግን ወሬው እየሳሳ ሄደ። መጨረሻ ላይ የሚሰማው መዶሻው ብቻ ነበር። ደብተሬ ላይ "የአዲስ አበባ ሰው ስኳር ሊቀበል ሲል ዝም ይላል" ብዬ ጻፍኩ። ፋራ ማለት ይሄ ነው።

ቅዳሜ

ውኃ የሚመጣው ሁለት ቀን እያለፈ ነው፤ የሰፈሩ ቦኖ ደግሞ ግቢያችን በር ላይ ነው። ባልዲዬን ይዤ ስወጣ ከሩቅ ሳቅ ይሰማኝ ነበር። ስደርስ ቆመ። ደብተሬን ከብብቴ አውጥቼ ጠበቅኩ። ማንም ምንም አላለም። ከቦኖው አጠገብ ያለው ቤት የእማማ ደስታ ነው፤ ጥቁር የማያወልቁ፣ ቀጭን አሮጊት ናቸው። ባልዲዬን ከባልዲያቸው ኋላ ሳስቀምጥ የራሳቸውን አንሥተው ወደ ፊት ገፉት።

ከሰዓት በኋላ የሮማን ሁለት ጓደኞች መጡ። ስማቸውን ከነገሩኝ በኋላ ደብተሬን አዩ፤ ተያዩ። አንደኛዋ "በሉ ላሽ" አለች። ሮማንም ጃኬቷን አንሥታ አብራቸው ወጣች። በረንዳው ላይ ድንጋይ ነበር፣ እኔ እሱ ላይ ተቀመጥኩ። የአምስት ቤት ምግብ ይሸተኛል፣ የአምስት ቤት ሬዲዮ ይሰማኛል፣ የሚያነጋግረኝ ሰው ግን የለም። አሰላ ብቻዬን ስሆን ሜዳ ወጥቼ እሄዳለሁ፤ ላሟ እንኳ ቀና ብላ ታየኛለች። ያን ያህል ሰው መሃል ብቻን መሆን እንዳለ አላውቅም ነበር።

እሁድ

ከእትዬ አልማዝ ጋር ልደታ ማርያም ሄድኩ። ደብተሩን ቤት ተውኩት፤ ቤተ ክርስቲያን ደብተር መያዝ ነውር መሰለኝ። ከበሩ ውጪ ጧፍና ቆሎ የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረዋል። እትዬ አልማዝ የሚያውቋቸውን ሰዎች ሰላም ሲሉ እኔ አንዲት ቆሎ ሻጭ አጠገብ ቆምኩ። "ከየት ነሽ?" አለችኝ። ከዚያ ስለ አሰላ ገብስ፣ ስለ ልጇ ጥርስ፣ ስለ ጫማዋ መቀደድ አወራችኝ። በአጠገባችን ያለፈች ሙሽራ የመሰለች ልጅ አሳይታኝ "አቤት ቀሽት!" አለች፤ ቀሽት ቆንጆ ማለት ነው። እፍኝ ቆሎ ዘግና መሐረቤ ላይ አፈሰሰችልኝ፤ ብከፍላት እምቢ አለች። ላለቅስ ደረስኩ። በሦስት ቀን ውስጥ ያን ያህል ያነጋገረኝ ሰው አልነበረማ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እትዬ አልማዝ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ሰላም አሉ። ሴቶቹ አንገታቸውን ብቻ ሰበር አድርገው አለፉ። እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አጣፉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሰኞ

እትዬ አልማዝ በስንት መከራ ያገኙትን ግማሽ ፈረሱላ በርበሬ ግቢው መሃል ሰሌን ላይ አሰጡት። በዚያ ግቢ ልማድ የማንም በርበሬ ሲወጣ ሁሉም ሳይጠራ መጥቶ ይቀነጥሳል። እኛ ጋም እንዲሁ ነው፤ እኛ ጋ ግን እናቴ ሁልጊዜ አንድ ጊዜ ትጣራለች። እትዬ አልማዝ አምስት በርጩማ ክብ አድርገው ደረደሩ። ቆየን። አንድ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ሌላዋ "ልብስ ዘፍዝፌያለሁ" ብለው ከውስጥ ጮኹ። ሦስተኛዋ ምክንያትም አልሰጡም። ባዶዎቹ በርጩማዎች መሃል ሦስት ሆነን እያስነጠስን መቀንጠስ ጀመርን።

እኩለ ቀን ላይ ሮማን የያዘችውን በርበሬ ሰሌኑ ላይ ወረወረችው።

"ንገሪያት እማዬ! ካልነገርሻት እኔ እነግራታለሁ!"

"ሮማን፣ ድምፅሽን።"

"ጆሮ ጠቢ ናት ይሏታል! ሰፈሩ ሁሉ! ጓደኞቼ እኔን ራሴን ማናገር ትተዋል።"

ጆሮ ጠቢን እኔም አውቀዋለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። የሰው ወሬ ሰምቶ ለሚፈልገው ክፍል የሚያደርስ ሰው ነው።

"እኔ እኮ ቃል ነው የምጽፈው" አልኩ። በርበሬ በነካ እጄ ዓይኔን ስጠርግ የባሰ ነደደኝ።

"ማን ያውቃል?" አለች ሮማን። "በፊት በዚህ ግቢ ደብተር ይዞ የሚዞር ሰው ነበር። እሱም ፈገግ ይላል፣ እሱም ይጽፋል። በእሱ ደብተር ምክንያት የእማማ ደስታ ልጅ..." እትዬ አልማዝ እጃቸውን ጉልበቷ ላይ ሲያሳርፉ አቆመች። የቀረውን አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።

እትዬ አልማዝ ዓይኔን በነጠላቸው ጫፍ አበሱልኝ። ቀስ ብለው፣ ሳይቆጡ፣ "አንቺ ሐሙስ ትሄጃለሽ የኔ ልጅ፤ እኛ እዚሁ ነን" አሉኝ። "ነገውኑ ወደ አሰላ ልላክሽ ይሆን እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ ነው ያደርኩት።"

ከዚያ በላይ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሬን ይዤ በቀጥታ ጋሽ ሸምሱ ጋ ሄድኩ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እሳቸውን ይሰማል፤ ቃል ብቻ መሆኑን ካዩ ለሌላው ይነግሩልኛል ብዬ ነው። "እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንብቢልኝ" አሉ። ቆሜ አነበብኩ። በውይይት ሳቁ፤ በፋራ ይበልጥ ሳቁ። ከዚያ "ሼባ፦ ጋሽ ሸምሱ፣ ዓርብ፣ ቀበሌ ሱቅ በር" ስል መዶሻቸው አየር ላይ ቆመ።

"ስሜን ነው ያነበብሽው?"

"አዎ ጋሼ። ማን እንዳለው መጻፍ አለበት።"

"የሌላውም አለ?"

"የሁሉም።"

መዶሻውን አስቀመጡት። ያዩት እኔን ሳይሆን በእጃቸው ያለውን ቆርቆሮ ነው። "ልጄ፣ ልብሽ ንጹህ ነው፤ ይታየኛል። ደብተርሽ ግን ልብሽን አያውቅም፤ ያነበበው ሁሉ የፈለገውን ያነብበታል። ለእኔ አታንብቢ። ለደስታ አሳዪያት። እሷ ካመነችሽ ሌላው ያምንሻል።"

ማክሰኞ

የውኃው ተራ የሚደርስበት ቀን ነበር። ባልዲም አልያዝኩ፤ ደብተሩን ብቻ በሁለት እጄ ይዤ ወጣሁ። ሰልፉን አልፌ እማማ ደስታ ፊት ቆምኩ።

"እማማ፣ እንዲያዩልኝ ነው።"

"እኔ ምን አገባኝ" ብለው ዞሩ። ቆይተው ግን ሳይዞሩ፣ "የሰው ስም አለበት?" አሉ።

"አለበት" አልኩ። የለም ማለት ይቀለኝ ነበር።

እጃቸውን ዘረጉ። እማማ ደስታ በመሠረተ ትምህርት ነው ፊደል የቆጠሩት፤ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እየጎተቱ፣ አጠገባቸው ላለ ሰው በሚሰማ ድምፅ ነው የሚያነቡት። ስድስት ገጽ ነበር። ስድስቱንም አነበቡ። ቦኖው ሥር ያለው ባልዲ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ውኃው እግራችን ሥር ገባ፤ ቧንቧውን የሚዘጋ ሰው አልነበረም። ሁለት ቀን እያለፈ በሚመጣ ውኃ!

"ለማን ነው የምትሰጪው?" አሉ ሲጨርሱ።

"ለመምህሬ።"

"እሱስ?"

"ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል።"

"ግድግዳ ላይ!" አሉ ከኋላ እትዬ ዘሪቱ። "ስኳር ፍለጋ ወጥቼ ስሜ አሰላ ግድግዳ ላይ! ኧረ የፈጣሪ ያለህ!" ማንም አልሳቀም፤ እሳቸውም አልሳቁም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ገገማ ከሚለው ቃል ጎን የተጻፈው የሳቸው ስም ነው፤ የዚያ ሰው ስም ነው፤ ቀኑም ቦታውም አለ። ከዚያ በላይ ምን ይፈለጋል? እጄን ዘረጋሁ፤ እማማ ደስታ ደብተሩን መለሱልኝ። ስድስቱን ገጾች አንድ በአንድ ቀደድኩና ሰጠኋቸው። ተቀብለው ባልዲያቸው ውስጥ ነከሯቸው። እንደ ቆሸሸ ሻሽ አሹት፣ አሹት፤ ወረቀቱ ሊጥ እስኪሆን ድረስ።

አለቀስኩ። ለእነሱ ብቻ አዝኜ ያለቀስኩ እንዳይመስላችሁ። አሥራ ሦስት ቃሌ ነው ባልዲ ውስጥ የገባው። ማንም አላባበለኝም። ተራቸው ሲደርስ ቀድተው ቀድተው ሄዱ። እኔም ቤት ገብቼ ልብሴን አጣጠፍኩ።

ረቡዕ

ጠዋት ግማሹ በርበሬ ገና ሰሌኑ ላይ ነበር። ሦስታችን እንደተቀመጥን የግቢው በር ተገፋ። እትዬ ዘሪቱ በርጩማቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ። "ይሄ በርበሬ እስከ ፋሲካ ሊቆይ ነው?" ብለው ዘፍ አሉ። ከዚያ "ልብስ ዘፍዝፌያለሁ" ያሉት መጡ። ከዚያ ሌሎቹም። ስለ ትናንት የተናገረ የለም።

"አንቺ" አሉኝ እትዬ ዘሪቱ ሁለት እጅ ሙሉ ቀንጥሰው ሲያበቁ። "ላሽ ማለት ሂድ ነው ብለሽ ጽፈሽ ነበር አይደል? ደስታ ስታነብ ሰምቻለሁ።"

"አዎ እትዬ።"

"አይደለም። ሂድማ ሂድ ነው። ላሽ ማለት ማንም ሳያይህ፣ በሩ ሳይንኳኳ፣ እንዲህ ውልቅ ማለት ነው። ገባሽ? በይ ድገሚው።"

ደገምኩት። "ደብተር የለም፤ በአፍሽ ነው የምትይዢው" አሉ። ከዚያ አንዷ ስትሰጠኝ ሌላዋ ስታርም ዋሉ። ነቄ፣ ነገሩ የገባው፣ የነቃ ሰው ነው። ሸወደኝ፣ አታለለኝ ነው። ፎንቃ ፍቅር ነው፤ እሱን ሲሉ ሁሉም ሮማንን አዩ፤ ሮማን ቀላች። "እኔን ምን አመጣኝ! እሷ ናት እንጂ፣ ለደብተር ፎንቃ የያዛት!" አለችና ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስስቅ ሮማን በርጩማዋን ወደ እኔ ሳብ አደረገች።

እማማ ደስታ መጨረሻ ላይ መጡ። በርጩማ አልያዙም፤ ሰሌኑ ጫፍ ላይ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። ብዙ ቀነጠሱ። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ጀለሴን ያዝሽ?" አሉኝ።

"አልያዝኩም እማማ።"

"ጓደኛዬ ማለት ነው። ልጄ እኔን ነበር የሚለኝ። እናቱን! ከትምህርት ቤት ሲገባ ከበሩ ጀምሮ፣ 'ጀለሴ፣ ምን ሠራሽልኝ?' ይላል። ስቆጣው ያው ነው።" አንድ በርበሬ ሁለት ጊዜ ቀነጠሱ። "ያዢልኝ።"

"ይዤዋለሁ" አልኩ።

ሐሙስ

ሮማን እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኘችኝ። እትዬ አልማዝ ጣሳዬን የተደለዘ በርበሬ ሞልተውልኛል፤ ክዳኑን ጋሽ ሸምሱ ቆርቆሮ አስገብተው እንዳይፈስ አድርገው አጥብቀውልኛል። አውቶቡሱ ሲነሣ ሮማን እጇን አወዛወዘች፤ ከዚያ ቶሎ ዞራ ሄደች። ጃኬቷ ሰው መሃል እስኪጠፋ አየሁት።

መንገዱን ሁሉ እንዳይጠፉብኝ ቃሎቹን በከንፈሬ ስደግም መጣሁ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ "ዳዊት ነው የምትደግሚው ልጄ?" አሉኝ። "አይ አባባ፣ ሌላ ነው" ስላቸው "ጎበዝ፣ በርቺ" ብለው እንቅልፋቸውን ቀጠሉ። ሞጆ ላይ አሥራ ስድስት ነበሩ። አሰላ ስደርስ አሥራ አራት ቀርተዋል። ሁለቱ የት እንደወደቁ አላውቅም። ጭላሎን ሳየው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ግን አልሆነም። ያ ሁሉ ድምፅ ያለበት ግቢ እዚያ ቀርቶ እኔ ብቻዬን የመጣሁ መሰለኝ።

ቲቸር አሥራ አራቱን ቃል አንብበው "ምንጫቸውስ? ማን አለው?" አሉ።

"እሱን አልያዝኩም ቲቸር።"

አዩኝ። የመምህራን ክፍሉን በር አዩ። ከዚያ "ይሁን" አሉ። "ቃሎቹ ግድግዳው ላይ ይወጣሉ። የጉዞሽን ነገር ከፈለግሽ ለብቻ ጻፊው።" ስለዚህ ጥጉ ላይ ያነበባችሁት ቃሎቹን ብቻ ነው፤ ይሄኛው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ነው። እዚህ ያሉት ስሞች በሙሉ እኔ ያወጣኋቸው ናቸው፤ ጌጃ ሰፈር ሄዳችሁ እትዬ ዘሪቱን ብትጠይቁ የሚያውቃቸው የለም።

አንድ መልእክት ግን አለብኝ። ስሰናበታቸው እማማ ደስታ በራቸው ላይ ቆመው እንዲህ ብለውኛል፦ የክፍልሽ ልጆች ለትምህርትም ይሁን ለሥራ አዲስ አበባ ከመጡ ብቻቸውን አይዋሉ። ልደታ ይምጡ፤ ቦኖው አጠገብ ያለው ቤት ነው። የአሰላ ልጆች የሚሉትን፣ እኛ የማናውቀውን አንድ አንድ ቃል በአፋቸው ይዘው ይምጡ፤ እኛም የኛን እንሰጣቸዋለን።

እንግዲህ ተጠርታችኋል። ደብተራችሁን ቤት ተዉትና ሂዱ። በሩን አንኳኩ፤ "ከአሰላ ነው የመጣነው" በሉ። ስማችሁን አይጠይቋችሁም።